ቁም ሳጥኑ አልወፈረም

ሰው ጠቢብ መሆን ሲጀምር መጀመሪያ የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት፤ ጠቢቧ እኔ ነበርኩ፣ የተጎዱትም የኔው ቤተሰቦች ናቸው።

ነገሩ የጀመረው የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አንብበው ሲጨርሱ «ይህች ልጅ ከትንሽ ነገር ትልቅ ነገር ታወጣለች» ያሉ ቀን ነው። ክንፍ አውጥቼ ነው ቤት የገባሁት። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ነገር በፊቴ በሰላም ማለፍ አልቻለም። ሽንኩርት ስልጥ «እማዬ፣ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ልብስ ከልብስ በላይ ደርቦ ይኖራል፣ የላጠው ግን ያለቅሳል» እላለሁ። እማዬ «አንቺ ዝም ብለሽ ክተፊ» ትላለች። መብራት ሲጠፋ «ጨለማ ባይኖር ብርሃንን ማን ያከብረው ነበር?» ስል አባዬ ከጨለማው ውስጥ «መጀመሪያ ሻማውን አምጪ፣ ከዚያ ትፈላሰፊያለሽ» ይላል። አላስቆሙኝም። ጠቢብ በአገሩ አይከበርም ብዬ ታገስኳቸው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጥበብ መሃል ነው የእትዬ አስካለ ነገር የመጣው።

እትዬ አስካለ የእናቴ አክስት ናቸው። እማዬ እትዬ ስለምትላቸው እኛም እትዬ ነው የምንላቸው። እኛ የምንኖረው ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ ነው፤ እሳቸው ግን በግንቡ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር በሚወስደው በኩል፣ በአንዲት ቀጭን መንገድ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጅ የላቸውም፣ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ከቤታቸው ደረጃ ላይ ወደቁ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው እስኪረፍድ ድረስ እዚያው ዝናብ ላይ ቆዩ። ያገኟቸው ጎረቤታቸው አዴ ሩቂያ ናቸው። አዴ የምንለው ለትልቅ ሴት ክብር ነው እንጂ ስማቸው ሩቂያ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ እንቅልፍ የላትም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። «እኛ ጋ ይግቡ» ብላ ራሷ ለመነች፣ ሽማግሌ ላከች፣ የነፍስ አባታቸውን ላከች። እትዬ አስካለ ሁሉንም በትህትና አብልተው አጠጥተው ሸኙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ብቻ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንድ ቃል ወጣቸው።

«ሳጥኔ ከሄደ እሄዳለሁ።»

ሳጥን ሲሏችሁ የቆርቆሮ ሳጥን እንዳይመስላችሁ። የዋንዛ ቁም ሳጥን ነው። ቁም ሳጥን ማለትም ያንሰዋል፤ እንደ ቤት ኪራይ ቢጠየቅበት የሚከራይ ነው። ባለቤታቸው በሰርጋቸው ሰሞን አናጢ አዝዘው ያሠሩላቸው ነው። አንደኛው በር ሙሉ መስታወት አለው፤ እትዬ አስካለ ሙሽራም ሆነው ሐዘንተኛም ሆነው ራሳቸውን ያዩት በዚያ መስታወት ነው። የባለቤታቸው ካፖርት እስከ ዛሬ ውስጡ ተሰቅሏል። በየጊዜው አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል፣ ይቦርሹታል፣ ይመልሱታል። ካፖርቱ ከብዙ ሕያዋን የተሻለ እንክብካቤ አለው።

እና ቤታችን ውስጥ «ያ ሳጥን በዚያች መንገድ ያልፋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። «እኔ እለካለሁ» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። አባዬ ሜትር ሊያውሰኝ መሳቢያ ሲከፍት እኔ ወጥቼ ሄጃለሁ። ሜትር ለግንበኛ ነው ብዬ። ነጠላዬን በሳጥኑ ወርድ ዘርግቼ ጫፉን ቋጠርኩ። ከዚያ ወደ መንገዷ ወጣሁና በጣም የጠበበችበትን ቦታ፣ የአዴ ሩቂያ ግድግዳ ዘንድ፣ መርጬ ነጠላውን ከግድግዳ ግድግዳ በደረቴ ትክክል ዘረጋሁት። አለፈ። ተርፎትም አለፈ። እዚያው ቆሜ ደወልኩ። «እማዬ፣ ያልፋል። መንገድ የሚጠበው ሐሳብ ሲጠብ ነው» አልኳት። ምን ማለት እንደሆነ አሁንም አልገባኝም፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በደረቴ ትክክል ያልኩትን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። አጎቴ ሰለሞን፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ባጃጅ ነጂ ነው። በባጃጅ ቁም ሳጥን አይጫንም፤ እሱ የመጣው ለማዘዝ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ይዟል፤ አንደኛው አብዲ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው፣ ሌላው ስሙን ያልሰማሁት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስ የነበረ ነው። ሰፊው መንገድ ላይ ፒክአፕ ቆሞ ይጠብቃል።

እትዬ አስካለ ነጭ ለብሰው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ዕቃቸውን ታቅፈው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበታቸው መጥቷል። አንድ ሰው ብቻ የለም።

«ሩቂያ ብቅ አላለችም?» አሉኝ።

«ገና ጠዋት ስለሆነ ይሆናል እትዬ።»

«ሩቂያ ከዶሮ በፊት ነው የምትነሳው። እሄዳለሁ ካልኳት ጀምሮ አታናግረኝም። በሯ ዝግ ነው።»

ጀጎልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በእነዚህ መንገዶች ሰው ተኮራርፎ መኖር አይችልም። ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል፣ የነካ ደግሞ ይቅርታ ይላል፣ ይቅርታ ካለ ደግሞ እንዴት አደርሽ ማለቱ አይቀርም። የአገሩ ሽምግልና የሚሠራው በጥበት ነው። ለዚህ ነው አዴ ሩቂያ ከቤት መውጣት ያቆሙት።

ሳጥኑ ተነሳ። መንገዷ ከእትዬ አስካለ ቤት ወደ ሰፊው መንገድ ቁልቁለት ናት። አብዲ ከታች፣ አስነጣሹ ከላይ፣ ሳጥኑ በጎኑ ተጋድሞ በገመድ፣ አጎቴ ከፊት ከፊት ወደ ኋላው እየሄደ «ወደኔ፣ ወደኔ፣ አይዟችሁ ወደኔ» ይላል። እኔ ከኋላ ሆኜ የቋጠርኩትን ነጠላ ለብሼ፣ በልቤ ለመምህራችን የምጽፈውን ድርሰት መጨረሻ እያሳመርኩ ነበር።

የአዴ ሩቂያ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ሳጥኑ በቁልቁለቱ ትንሽ ሮጠ። ከዚያ «ቅርርር» አለና ቆመ።

የጀጎል ግድግዳ ከላይ ሸንቃጣ ነው፤ ከታች፣ ወገብ አካባቢ፣ ቦርጭ አለው። ይህን ሁሉ ዓመት አይቼው አላየሁትም። እኔ የለካሁት ደረቱን ነው። ሳጥኑ የገባው ቦርጩ ጋ ነው። እንደ ጠርሙስ ቡሽ ግጥም ብሎ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ እንዳለ፣ መሬትም ሳይነካ ሰማይም ሳይነካ ቀረ። ወደ ላይ እንዳናነሳው ከበላዩ የአዴ ሩቂያ የቆርቆሮ አሸንዳ አለ። ወደ ኋላ እንዳንስበው ዳገት ነው።

«ማነው የለካው?» አለ አጎቴ ከማዶ። ያውቀዋል። ሰው እንዲሰማ ነው የጠየቀው።

የነጠላዬን ቋጠሮ ወደ ጀርባዬ አዞርኩት።

ከላይ በኩል ያለነው ወደ ታች ገፋን። አልተነቃነቀም። ጎረቤት ተጨምሮ ገፋን። አልተነቃነቀም። ለካ ከታች ያሉት ደግሞ «መጀመሪያ ወደ ኋላ ይመለስ» ተባብለው ወደ ላይ እየገፉ ኖሯል። ሳጥኑ ስለጋረደን አንተያይም። ሁለቱም ወገን በሙሉ ኃይሉ እየገፋ፣ ሁለቱም ወገን «እንዴት ያለ ግትር ሳጥን ነው» እያለ ሲደነቅ ስንት ጊዜ እንደቆየን እግዜር ይወቀው። ይሄንን ያወቅነው አስነጣሹ ሲያስነጥስ ለአፍታ ለቀቅ ብናደርገው ሳጥኑ ወደኛ ስለመጣ ነው። ያን ጊዜም ይበልጥ ጠበቀ።

ሰው ሲቸገር አገሩ በሙሉ መሐንዲስ ነው። አንዱ ዘይት ቀቡት አለ። አንዷ ሳሙና ይሻላል አለች። ሌላው ውሃ አፍስሱበት ሲል አብዲ «እንጨት ውሃ ሲነካው ያብጣል እኮ» አለው፤ ሰውየው «ታዲያ ግድግዳው ላይ ነው ያልኩት» ብሎ ተቆጣ። አንድ ሽማግሌ «ፍቱት» አሉ፤ እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «እኔ ቆሜ ማንም አይፈታውም» አሉ። ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ግን አላረማቸውም።

በዚህ መሃል የመንገዷ ኑሮ አልቆመም። ጫት ሻጯ ከታች መጣች፣ ሳጥኑን አየች፣ ጎንበስ ብላ በሥሩ ያለውን ክፍተት አየች፣ ከዚያ ድሮም እንደዚያ ስትሠራ የኖረች ይመስል እስሩን አንድ በአንድ በሳጥኑ ሥር ወደኛ ታሳልፍ ጀመር። ከዚህም እጅ ይዘረጋል። የመንደሩ ሰው በሳጥን ሥር ለመገበያየት እስኪለምድ ብዙ አልፈጀበትም። ከሰል የጫነ አህያ ግን ጎንበስ አይልም። ሳጥኑን ትክ ብሎ አየና እዚያው ቆመ፤ ባለቤቱ ወደ ኋላ ቢስበው አልመለስም አለ። አንድ ቱሪስት ከአስጎብኚው ጋር መጥቶ ሳጥኑን ፎቶ አነሳ። ሌላ የጀጎል በር መስሎት ነው መሰለኝ፣ ሲጨርስ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

«ወጣችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«ደመናውን አይተሽዋል? እትዬ ብርድ እንዳይመታቸው። ጉልበታቸው...»

ቀና ብዬ አየሁ። በእውነትም ከወደ ተራራው ደመና ጠቁሮ እየመጣ ነው። ዋንዛውና ዝናቡ፣ እትዬና ጉልበታቸው፣ መስታወቱ፣ አህያው፣ የአባዬ ሜትር፣ ሁሉም በአንድ ላይ ደረቴ ላይ ወጣ።

«እኔን የሚገርመኝ» አሉ እትዬ አስካለ ድንገት፣ «ይሄ ሳጥን በዚሁ መንገድ ነው የገባው። ባለቤቴ ሁለት ሰው አሸክሞ። አንድም ቦታ አልነካም።»

«ሳጥን ይወፍራል እንዴ?» አለ አጎቴ ከማዶ።

«ካፖርት በልቶ ይሆናል» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ። እትዬ አስካለ አልሳቁም። ለረጅም ጊዜ ሳጥኑን አዩት። ከዚያ ዕቃቸውን ታቅፈው ተነሱ።

«በቃ» አሉ። «ሲገባ ያልነካው ሲወጣ ከተያዘ እግዜር አትሂጂ ሲለኝ ነው። አንቺ ልጅ፣ ኋላ ካፖርቱን አውጥተሽ አምጪልኝ። ቤቴ እገባለሁ።»

ወደ ደረጃው ሄዱ። ያ የወደቁበት ደረጃ ነው። አንድ እጃቸው ግድግዳ ይዞ፣ አንድ እጃቸው ዕቃ ታቅፎ፣ መጀመሪያ ደህናውን እግር አስቀደሙ። ሌላኛው እንቢ ሲላቸው ግድግዳውን ለቀው እንደ አኩራፊ ሕፃን በእጃቸው ጎተቱት። ሮጬ ብብታቸውን ያዝኩ። በጣም ቀላል ነበሩ። ብርድ ልብሱ ይከብዳል፣ እሳቸው ግን ይቀሉ ነበር። አልጋቸው ላይ ሲቀመጡ ቋጠሯቸውን መፍታት ጀመሩ፤ አንዱን ስኒ አወጡ፣ ድሮ ቦታው መለሱት። ዛሬ ከዚህ ቤት ካልወጡ መቼም እንደማይወጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ምልክት ሆኖላቸዋል። ምልክትን ደግሞ ቄስም አይመልሰው።

እና ይህን ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። በነጠላ።

ወጥቼ ሳጥኑ ጋ ሄድኩ። ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም፤ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ላለቅስ ነበር መሰለኝ። ግንባሬን ሳሳርፍ ዓይኔ የሳጥኑ ጥግ ግድግዳውን የላጠበት ቦታ ላይ አረፈ። በጣም ስለቀረብኩ ነው ያየሁት። ላዩ አረንጓዴ ነው፣ የዚያ ዓመት፣ ገና የሚያብረቀርቅ። ከአረንጓዴው ሥር ቢጫ። ከቢጫው ሥር ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር ሮዝ፣ ደግሞ ነጭ፣ ደግሞ ሌላ አረንጓዴ። እንደ ሽንኩርት።

አዴ ሩቂያ በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል የውጭ ግድግዳቸውን ያስቀባሉ። መንደሩ ጾሙ መድረሱን የሚያውቀው በሳቸው ቀለም ነው። አሮጌውን አስፍቀው አያውቁም፤ በላዩ ላይ ነው። ሳጥኑ ከገባ ጀምሮ ስንት ረመዳን አልፏል? ሳጥኑ አልወፈረም። ግድግዳው ነው የወፈረው።

በደስታ ልጮህ ስል ቀጣዩ ሐሳብ መጣና አፌን ዘጋው። ይሄን ግድግዳ ለመፋቅ ማንን ነው የማስፈቅደው?

በሳጥኑ ሥር ተሳብኩ። ጫት ሻጯ ከማዶ ስወጣ አይታኝ «ደግሞ ይሄ ስንት ነው?» አለች። አቧራዬን ሳላራግፍ የአዴ ሩቂያን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አዴ። የእትዬ አስካለ...»

«ሄደች?»

«አልሄዱም።»

ከበሩ ጀርባ «አልሃምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሳጥኑ ተቀርቅሮ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ አጎትሽ ወደኔ ወደኔ ይላል። አላህ ያላለው ነገር አይሆንም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ላይ እትዬ አስካለ እግዜር ነው የያዘው ይላሉ፣ ታች አዴ ሩቂያ አላህ ነው ያላለው ይላሉ። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቁም ሳጥን ላይ ከተስማማ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ምን ትላለች?

«አዴ፣ የያዘው ግድግዳዎ ነው።»

በሩ ተከፈተ። አዴ ሩቂያ ወፍራም፣ ቀይ፣ ዓይናቸው ሰው የሚመዝን ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምን አልሽ?»

«ግድግዳዎ... ወፍሯል።»

«ግድግዳዬ ወፍሯል።»

«አዎ።»

«ሱብሃነላህ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ይሄን ያለኝ ግን የለም።»

እጃቸውን ይዤ ልወስዳቸው ፈርቼ በጣቴ ብቻ አሳየኋቸው። መጥተው አዩ። ቀለማቱን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ቶሎ መለሱት። «ትንሽ ቢፋቅ ሳጥኑ ይለቃል» አልኩ። «ለጾም ያስቀባሁትን?» አሉ። «አዎ።» «እሷ እንድትሄድልኝ?» ብለው ወደኔ ዞሩ። «እሷ እንድትሄድ እኔ የገዛ ግድግዳዬን ላፍርስ ነው የምትይው?»

ያጠራቀምኩት ጥበብ በሙሉ አፌ ላይ ተሰለፈ። ስለ ወንዝና ስለ ባሕር ነበረኝ። ስለ ወፍና ጎጆ ነበረኝ። ሽንኩርቱም ነበር። አንዱም ለዚህ ፊት የሚሆን አልነበረም።

«አዴ» አልኩ፣ «እትዬ የወደቁ ቀን ያገኟቸው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ገበያ ሄደው ቢሆን ኖሮስ?»

አህያው ጆሮውን አራገበ።

«ገበያ አልነበረም» አሉ። «ልጄ ጋ ድሬዳዋ ልሄድ ሻንጣዬን ይዤ ወጥቼ ነበር። ልሰናበታት ብዬ ነው የዞርኩት። አንዳንዴ ሰዓት ረፍዶብኝ ሳልሰናበታት እሄዳለሁ፤ ያን ቀን ረፍዶብኝ ነበር።» ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። «ወላሂ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። እሷም አታውቅም። ጠብቂኝ።»

ገቡ። ሲመለሱ የሥጋ ቢላዋ ይዘዋል። አጎቴ አይቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሳቸው ግን ግድግዳቸው ፊት ቁጢጥ ብለው «ቢስሚላህ» አሉና መፋቅ ጀመሩ።

አብዲ ሊያግዛቸው ሲጠጋ «አንተ አትነካውም» አሉት። ከዚያ ቀና ብለው በሳጥኑ ላይ ወደ ማዶ ተጣሩ።

«አስካለ።»

ትንሽ ፋቁና ደገሙ።

«አስካለ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ከላይ የበር ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ እግር የሚጎትት ሰው። «አቤት» አሉ እትዬ። ሳጥኑ መሃላቸው ነው፤ አይተያዩም።

«ግድግዳዬን እየፋቅሁልሽ ነው።»

«ማን ፋቂልኝ አለሽ?»

«ይቺ ልጅሽ ወፍሯል አለችኝ።»

«እውነቷን ነው። በየዓመቱ ቀለም ስትከምሪበት መንገዱን ጨረስሽው።»

«እኔ ነኝ የጨረስኩት? ዝሆን የሚያህል ሳጥን ያስገባሽው አንቺ።»

«ሲገባ አንድም ቦታ አልነካም።»

«ሲገባ እኔም ቀጭን ነበርኩ።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አስካለ ናቸው። ከዚያ አዴ ሩቂያ፣ ከዚያ ከሁለቱም በኩል መንገዱ በሙሉ። ቢላዋው ግን አላቆመም። አረንጓዴው ረገፈ፣ ቢጫው ረገፈ። አዴ ሩቂያ እየፋቁ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያወራሉ።

«ይሄ ሰማያዊ ልጄን ሰዓዳን የዳርኳት ዓመት ነው።»

«ቀሚሷን በኔ መስታወት ነው ያየችው» አሉ እትዬ ከማዶ። «አልቅሳ ኩሏን አበላሸችው።»

«ይሄ ሮዝ... ይሄን ቀቢው አሳስቶኝ ነው። አልወደድኩትም።»

«ያኔስ እወደዋለሁ ብለሽ አልነበር?»

«ከፍዬበት ምን ልበል?» ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ከሮዙ ሥር ወፍራም ነጭ ወጣ። እዚያ ላይ እጃቸው ቀስ አለ።

«እሱስ?» አሉ እትዬ። «ዝም አልሽ።»

«ነጭ ነው። ኖራ ብቻ። ሰውየሽ ያረፉ ዓመት።»

ከማዶ መዳፍ የሳጥኑ እንጨት ላይ ሲያርፍ ተሰማ።

«ለኔ ብለሽ ነው?» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለማን ነው? ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ አረንጓዴ ልቀባ?»

«አላወቅኩም ነበር።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ። በመስታወትሽ ራስሽን ስታዪ ነው የኖርሽው።»

ሳጥኑ እዚያ ላይ ነው የለቀቀው። ማንም ሳይገፋው በራሱ ጊዜ «እፎይ» ያለ ይመስል ተንሸራተተ። አብዲ በደረቱ ያዘው። አጎቴ ሊያዝዝ አፉን እንደከፈተ ከአህያው በፈሰሰ ከሰል ላይ በቂጡ ተቀመጠ፤ ያ አልመለስም ያለ አህያም ሳጥኑ ሲመጣበት በአንድ ጊዜ ሐሳቡን ለውጦ ባለቤቱን እየጎተተ ወደ ታች ወረደ። መስታወቱ አልተሰበረም። ዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታውን የጣለው ሳጥኑ ፒክአፑ ላይ ሸራ ከለበሰ በኋላ ነው።

እትዬ አስካለ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወረዱ። አዴ ሩቂያ ገና ቢላዋቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው በዓመታት ቀለም ተለውሷል። እትዬ አዩዋቸውና «እጅሽ ተበላሸ» አሉ፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳቡና ሊጠርጉላቸው ሲሉ ቋጠሮው እጃቸው ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መለኪያዬ ነው» አልኩ።

«ፍቺው» አሉኝ።

ፈታሁት።

«ሂጂ በቃ» አሉ አዴ ሩቂያ። «ጉልበትሽን ይዘሽ ሂጂ። ደረጃ የለበትም አይደል?»

«የለበትም። ትመጫለሽ?»

«ከግንብ ውጭም አገር አለ ይላሉ» አሉ አዴ ሩቂያ። «ኢንሻአላህ።»

ቤታችን ስንደርስ የክፍሌን በር በአባዬ ሜትር ለካሁ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ደግሞ አንዴ ከታች። ያን ማታ ከመስታወቱና ከካፖርቱ ጋር አንድ ክፍል አደርኩ። እማዬ እራት ላይ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ዛሬ ምንም አልተፈላሰፍሽም፤ አሞሻል?» አለች።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል አጎቴ በባጃጁ እስከ ኤረር በር አደረሰንና እኔና እትዬ አስካለ በቀጭኗ መንገድ ቀስ እያልን ወጣን። ግድግዳው ተቀብቷል። የዘንድሮው ቀለም ብርቱካናማ ነው፣ ከሩቅ ያበራል። ወገቡ ላይ ግን፣ ሳጥኑ ተይዞበት የነበረው ቦታ፣ እንደተፋቀ ነው፤ ሮዙ፣ ሰማያዊው፣ ነጩ፣ ሁሉም ጠርዝ ጠርዙ ይታያል። ቀቢው በዙሪያው ተጠንቅቆ ነው ያለፈው።

«ሩቂያ» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ቀለም አለቀብሽ?»

«አላለቀብኝም» አሉ አዴ ሩቂያ ከበራቸው ላይ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሳጥንሽ ቦታ ነው። አንድ ቀን ልመለስ ብትዪ መንገድ እንዳታጪ።»

እኔ እዚህ ላይ የምለው ነበረኝ። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነገር ነበር፣ ስለ መንገድና ስለ ልብ። እትዬ አስካለን አየሁና ተውኩት። እሳቸው የተፋቀውን ቦታ በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ወርዱን በዓይናቸው ለኩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ወገብ ቁልቁል አዩ።

«ሳጥኑ አልወፈረም» አሉ። «እኔ ግን እነዚህ ቤት ወፍሬያለሁ። ትንሽ ሰፋ አድርጊው።»

አዴ ሩቂያ ቢላዋውን ሊያመጡ ገቡ።